«ቡሬም ያው ነው» ያልኩበት ጥቅምት

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን ነው። ጋሽ አስፋው የሚባሉ ሰው ፍኖተ ሰላም ዋናው መንገድ ዳር አራት ኮምፒዩተር፣ አንድ ፕሪንተርና አንድ የስልክ መስመር ይዘው ኢንተርኔት ቤት ከፍተው ነበር። ሚሊኒየሙ ሊገባ ሁለት ዓመት ገደማ ቀርቶታል። እኔ ከዚያ በፊት አሥራ አንድ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት በታይፕራይተር ስጽፍ የኖርኩ ታይፒስት ነኝ፤ የተቀጠርኩትም ማመልከቻ እንድጽፍ እንጂ ለኢንተርኔቱ አልነበረም። ኢንተርኔት የሚሉትን ነገር ከዚያን ቀን በፊት በዓይኔ አይቼው አላውቅም።

ጋሽ አስፋው አንድ ገጽ አስጽፈው ፈተኑኝና «እጅሽስ ጥሩ ነው። ጆሮሽ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ጆሮዬ ደግሞ ምን ያደርግልዎታል?» አልኳቸው።

የስልኩን እጀታ አንሥተው ጆሮዬ ላይ አደረጉት። «ይኸ ድምፅ ሳይቆራረጥ ከተሰማሽ መስመሩ ደኅና ነው። ጭር ካለብሽ ሽቦው አንድ ቦታ ተበጥሷል። ዘይት ላይ የሚጠበስ ነገር ከመሰለሽ ደግሞ ምሰሶው ላይ ያለው ሣጥን ውኃ ገብቶታል፤ ፀሐይ እስኪወጣ መጠበቅ ነው» አሉኝ። ቀጥለው ኮምፒዩተሩን ከስልኩ መስመር የሚያገናኘውን ሞደም አስደወሉት። እንዲያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። «አሁን እየተነጋገሩ ነው» አሉኝ። «ማንና ማን?» አልኩ። ሳቁብኝ እንጂ አልመለሱልኝም። እኔ ግን ያን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ እንኳ ጥያቄው ከራሴ አልወጣም። ማንና ማን ናቸው የሚነጋገሩት?

እንዲህ ሆኜ ነው ወደ ሥራው የገባሁት። ከሁለት ዓመት በኋላ ጋሽ አስፋው ልጆቻቸው ዘንድ ባሕር ዳር ሲገቡ ቤቱን ከነዕቃው ለእኔ ለቀቁልኝ። ከታይፒስትነት ወደ ባለቤትነት፣ በአንድ ጊዜ።

የኢንተርኔት ቤት ሥራ ማለት ያኔ ኢንተርኔት ማቅረብ አልነበረም፤ ኢንተርኔት በሌለበት ጊዜ ቤቱን ማቆየት ነበር። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን እናስነሣለን። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ማሽኑን የሚይዘው ዩፒኤስ ነው። መስመር ሲጠፋ ደግሞ ደንበኛውን ባዶ እጁን አልመልስም። ደብዳቤውን ይነግረኛል፣ እጽፍለታለሁ፣ በስሙ ፍላሽ ላይ አስቀምጥለታለሁ፤ መስመሩ ሲመጣ እልክለታለሁ። መልስ ሲመጣም አትሜ፣ በፖስታ አሽጌ በሚኒባስ ሾፌር እልካለሁ። ጅጋና ደምበጫ ያሉ ደንበኞቼ ኮምፒዩተር ፊት ሳይቀመጡ ነበር ኢሜይል የሚጻጻፉት።

ሰው መስመር አለ ብሎ ከሩቅ መጥቶ እንዳይለፋ ምልክት ያስፈልገኝ ነበር። ጠላ ቤት ጠላው ሲደርስ በረጅም እንጨት ላይ ጣሳ ደፍቶ ያቆም የለ? እኔም ሰማያዊ ጣሳ ገዛሁና መስመር ሲኖር በራፌ ላይ አቆምኩ። ሾፌሮቹ እያዩ «ዛሬ ጣሳው ቆሟል» ብለው ወሬውን እስከ ደምበጫ ያደርሱልኛል። አንድ የገበያ ቀን ግን አንድ ሰውዬ ገብተው ኮምፒዩተሩ አጠገብ ተቀመጡና «በይ አንድ ቅጅልኝማ» አሉኝ። «ጠላ የለንም አባቴ፣ ኢንተርኔት ነው» ብላቸው ጥቂት አሰቡና «ይሁን፣ እሱንም ቢሆን ቅጅልኝ» አሉ። እንዲህ እያልን ነበር የምንኖረው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ሚሊኒየሙ ካለፈ በኋላ በመጣው መስከረም ነው። አያ ሙሉነህ የሚባሉ ከጅጋ ማዶ የሚኖሩ ሽማግሌ የድንበር ክርክር ነበራቸው፤ ማመልከቻቸውን የምጽፈው እኔ ነኝ። በዚያ ሰሞን አዲስ ብልሃት ተምሬ ነበር። የማመልከቻውን ቅርጽ አንድ ጊዜ ካዘጋጀሁት በኋላ ቀኑን ኮምፒዩተሩ ራሱ ይሞላልኛል። በዚህም እኮራ ነበር። አያ ሙሉነህ ማመልከቻቸውን እንዲሁ ባተምኩላቸው በማግሥቱ ጠዋት ወረቀቱን በትራቸው ጫፍ ላይ ይዘው ገቡ።

«ልጄ፣ ምን በደልኩሽ?»

«ምነው አያ ሙሉነህ? ምን አገኘዎት?»

«መዝገብ ቤት ያለው ልጅ ሳቀብኝ እኮ። "አባቴ፣ ይኸን ማመልከቻ የዛሬ ሰባት ዓመት ይዘውት ይምጡ" አለኝ። ዛዲያ እስከዚያ እኔ እኖራለሁ?»

አየሁት። ኮምፒዩተሩ የሞላው የፈረንጁን ቀን ነበር። እኔም ሳላነበው አትሜ ሰጥቻቸዋለሁ። ሽማግሌው በእግራቸው ሄደው በእግራቸው ተመልሰዋል። አፈርኩ። ቀኑን በእጄ አስተካክዬ ወዲያው አተምኩላቸው።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ነገሩን ከሥሩ ላስተካክለው ብዬ ተነሣሁ። ከሰዓት በኋላ በአራቱም ኮምፒዩተር ላይ ቀኑን ወደ እኛ ቀን፣ ሰዓቱንም ወደ እኛ ሰዓት መለስኩት። ከእንግዲህ ማሽኑ የሚሞላው ቀን መዝገብ ቤት የሚቀበለው ቀን ይሆናል። ደንበኞቼ ደስ አላቸው። አንዱማ «እነዚህ ኮምፒዩተሮች ገና ዛሬ ክርስትና ተነሡ» ብሎ አሳቀን።

ከሁለት ቀን በኋላ ከባድ ዝናብ ጣለና መስመሩ ጠፋ። እጀታውን ሳነሣ ጭር ነው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ እንደዚያው ከረመ። ጣሳውን አወረድኩ፤ ማመልከቻ እያተምኩ፣ ደብዳቤ ፍላሽ ላይ እያጠራቀምኩ ቆየሁ። በዐሥረኛው ቀን ጠዋት ድምፁ ተመለሰ። ሞደሙ ጮኸ። ጣሳውን አቆምኩ።

የዜና ገጽ ከፈትኩ፤ ተከፈተ። ኳስ ወዳዶቹ የእንግሊዝን ውጤት ከፈቱ፤ ተከፈተላቸው። ኢሜይል ስንከፍት ግን ቀይ ጋሻ ያለበት ገጽ መጣ። በእንግሊዝኛ ብዙ ተጽፎበታል። ከታች ሁለት ነገር ያስመርጣል፤ አረንጓዴ ምልክት ያለው «ገጹን ዝጋ» ይላል፣ ቀይ ምልክት ያለው «ቀጥል፣ ግን አይመከርም» ይላል። ቀዩን ማን ደፍሮ ይነካል? ሁላችንም አረንጓዴውን እየነካን ዘጋን። ከመካከላችን ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው አልነበረም፤ እኔንም ጨምሮ።

«መስመሩ ገና በደንብ አልተስተካከለም» አልኳቸው። አመኑኝ። እኔም ራሴን አመንኩት። ስልክ መሥሪያ ቤቱ ደውዬ ስጠይቅ ቴክኒሺያኑ በትሕትና «ከእኛ በኩል ደኅና ነው እትዬ» አለኝ። እነሱ ሌላ ምን ይላሉ ብዬ ዘጋሁት።

እንዲህ ያለ እንቆቅልሽ ደግሞ እንቅልፍ ይነሣኛል። ደብተር ገዝቼ የሞከርኩትን ሁሉ መጻፍ ጀመርኩ። የስልኩን ኬብል ቀየርኩ፣ ያው ነው። ሞደም ተውሼ አመጣሁ፣ ያው ነው። የጎረቤቴን መስመር በግድግዳ ቀዳዳ ስቤ ሞከርኩ፣ ያው ነው። በጠዋት፣ በምሳ ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን በሚሆንበት እሑድ ሞከርኩ። ዜና ይከፍታል፣ ኢሜይል አይከፍትም። ያልሞከርኩት ነገር የለም ብዬ ነበር። እውነቱን ለመናገር ነገሩ እያናደደኝም እያስደሰተኝም ነበር።

ይኸ ሁሉ ለእኔ እንቆቅልሽ ነው። ለይታይሽ ግን ዕድሜ ልኳን የጠበቀችው ነገር ነበር።

ይታይሽ ጅጋ የምታስተምር የባዮሎጂ መምህርት ናት፤ ያኔ ገና ሠላሳ አልሞላትም። ውጭ አገር ሁለተኛ ዲግሪ፣ ወጪው ሁሉ ተሸፍኖላት፣ ለመማር አመልክታ ነበር። ቅጹን ግንቦት ላይ አብረን ነው የሞላነው፤ መስመሩ ሦስት ጊዜ እየጠፋብን፣ ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያው እየጀመርን። የእናቷን ስም፣ የማትሪክ ውጤቷን፣ ስለ ወባ የጻፈችውን ሁሉ በቃሌ አውቀዋለሁ። መልሱ በጥቅምት በኢሜይል ይመጣል። መልሱ ከደረሰ በዐሥር ቀን ውስጥ «እመጣለሁ» ብላ ካልጻፈች ቦታው ለተከታዩ ሰው ይሰጣል። ይኸንንም አውቃለሁ።

በዚያ ጥቅምት አራት ጊዜ ከክፍል ወጥታ በሚኒባስ መጣች። አራት ጊዜ ቀዩን ጋሻ አየን፤ አራት ጊዜ አረንጓዴውን ነካን። በአራተኛው ቀን ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ በር ላይ ቆመችና

«እትዬ ጥሩ፣ ቡሬ ሄጄ ብሞክረውስ?» አለችኝ።

«ምን ያለፋሻል?» አልኳት። «ቡሬም ያው ነው። የምንጠጣው ከአንድ ቧንቧ ነው። እኔ ጋ እንቢ ያለ እዚያ አይከፍትም።»

አፌን በቆረጠኝ። ቡሬ ደውዬ አልጠየቅሁም ነበር። ሰይድ የሚባል፣ ወላጆቹ ቡሬ ገበያ ጨርቅ የሚነግዱ ልጅ እዚያ ኢንተርኔት ቤት አለው፤ ስልኩም አለኝ። አንድ ጊዜ ብደውል ይበቃ ነበር። የማውቅ ስለመሰለኝ አልደወልኩም።

«እሽ፣ እርስዎ ካሉ» ብላኝ ሄደች።

ጥቅምት 29 ቀን ጠዋት አንድ ነገር ሆነ። ኮምፒዩተሮቹን ስከፍት በሦስተኛው ወር 1፣ ማለትም ኅዳር 1፣ ይላሉ። ላስተካክል ስሞክር 29 የሚባል ቀን የለም፤ ሁለተኛውን ወር በ28 ይዘጉታል፤ ለካ እነሱ የያዙት የፈረንጆቹን የካቲት ነው። ማሽኖቹ የእኛን ወር አያውቁትም አልኩና ሳቅሁ። ሁለት ቀን ቢቀድሙም ይሁንላቸው ብዬ ተውኳቸው። መልሱ እኮ እዚያው ፊቴ ላይ ነበር።

በማግሥቱ ይታይሽ መጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፤ አክስቷ ሞተውባት ቡሬ ለልቅሶ ሄዳ ነበር። አልተቀመጠችም።

«እትዬ፣ ቡሬ ይከፍታል» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ኢሜይሉ። ከልቅሶው ስመለስ ሰይድ ጋ ገባሁ። አንድ ጊዜ ስነካው ተከፈተ።»

«መልሱስ?»

«ደርሷል። ተቀብለውኛል። በዐሥር ቀን ውስጥ መልስ ስጪ ይላል። ዛሬ ዐሥራ ሦስተኛው ቀን ነው።»

ይኸን ያለችኝ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ነው። መስመር ተቋርጦብኝ ነው የዘገየሁት ብላ ከዚያው ከቡሬ መጻፏን ነገረችኝና ሄደች። መጀመሪያ የተሰማኝ ሐፍረት ነው። ሁለተኛው የተሰማኝ ግን፣ ላፍርበት የሚገባኝ ቢሆንም፣ ጥያቄው ነበር፤ ቡሬ የከፈተ እኔ ጋ ለምን አይከፍትም?

በማግሥቱ ጠዋት ካሉኝ ሲፒዩዎች፣ ማለትም ከኮምፒዩተሮቹ ዋና ሣጥኖች፣ አንዱን ነቀልኩ፣ በጋቢ ጠቀለልኩትና ቡሬ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ሾፌሩ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። «ታማሚ ነው፣ ላሳክመው ነው» አልኩት። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ የሰይድ መስመር ላይ የእኔን ማሽን እሰካዋለሁ። እዚያ ከከፈተ ጥፋቱ የመስመሬ ነው፤ ካልከፈተ ጥፋቱ ያለው ጋቢው ውስጥ ነው። ይኸን ሙከራ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳላስበው መቅረቴ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ሰይድ ሻይ አስመጣልኝና ማሽኑን ሰካው። ቀዩ ጋሻ መጣ። የእሱ ማሽን ላይ ሞከርኩ፤ የእኔው ኢሜይል ወዲያው ተከፈተ። ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው፤ መስመሩ አንድ ነው። ሰይድ ጎንበስ ብሎ የማሽኔን ማያ ቀኝ ጥግ አየ።

«እትዬ፣ ይኸ ሰዓት ምንድር ነው?»

«የእኛ ሰዓት ነዋ» አልኩት፣ ከነኩራቴ። «ቀኑም የእኛ ነው።»

ሰይድ ቀኑን ወደ ፈረንጁ መለሰው፤ ሰባት ዓመት ወደ ፊት። ገጹን እንደገና ከፈተ። ኢሜይሉ ተከፈተ።

ሰይድ ሳቁን እንደምንም ዋጥ አድርጎ ያንን ሳላነበው የከረምኩትን ገጽ እስከ ታች አነበበልኝ። የኢሜይሉ ቤት ሲከፈት መታወቂያ ያሳያል፤ መታወቂያው የሚሠራበት ቀን አለው። የእኔ ማሽን ደግሞ ራሱን ከሰባት ዓመት በፊት ያለ ስለሚመስለው፣ ይኸ መታወቂያ ገና ቀኑ አልደረሰም ብሎ በሩን ይዘጋል። ዜናና ኳስ መታወቂያ አያሳዩም፤ ስለዚህ ይገባሉ። መዝገብ ቤቱ ለአያ ሙሉነህ ያለው ነገር ነው፣ እሱው ራሱ። መስመሩ ደኅና ነበር። ያ ቴክኒሺያን የነገረኝ እውነቱን ነበር።

ሚኒባሱ ፍኖተ ሰላም ሲደርስ አልወረድኩም። ሲፒዩውን እንዳቀፍኩ ጅጋ ድረስ ሄድኩ። ትምህርት ቤቱ የዕረፍት ሰዓት ላይ ነበር፤ ይታይሽ መምህራን ክፍል ደብተር ታርማለች።

«ይታይሽ፣ መስመሩ አልነበረም» አልኳት። «እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኳት። እንደ አስተማሪ አዳመጠችኝና «ቀኑን በመቀየር ብቻ?» ብላ ጠየቀች።

«በሱ ብቻ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እኔ እኮ ማሽኑን መች አመንኩ፤ ያመንኩት እርስዎን ነው። ቡሬም ያው ነው ሲሉኝ ቁርጤን አውቄ ተቀመጥኩ።»

ከጥቂት ቀን በኋላ ያመለከተችበት የውጭ አገሩ ትምህርት ቤት መለሰላት፤ መስመሩ ለመቋረጡ ማስረጃ ላኪ አላት። ስልክ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ሊጽፍላት አልቻለም። የዘጠኙ ቀን መቋረጥ መዝገባቸው ላይ አለ፤ የእሷ ደብዳቤ የደረሰው ግን መስመሩ ከተመለሰ በኋላ ነው። የቀረው ማስረጃ እኔ ነበርኩ።

ከመጻፌ በፊት ጋሽ አስፋውን ባሕር ዳር ደውዬ አማከርኳቸው። «ጻፊላት፣ ማኅተም ግን አታድርጊበት» አሉኝ። «ነገ ወሬው ከተማውን ሲዞር ማን ይመጣልሻል? ሰው ቤትሽ የሚገባው ታውቃለች ብሎ ነው።» እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ማኅተም የሌለው ወረቀት ምን ይረባታል ብዬ አሰብኩ። ጥፋቱ የአመልካቿም የመስመሩም አይደለም፣ የቤቱ ባለቤት የእኔ ነው፣ ሌላ ቦታ ሄዳ እንዳትሞክርም የከለከልኳት እኔ ነኝ ብዬ ጻፍኩ። ይታይሽ እንግሊዝኛውን አቃናችው። ፈረምኩ፣ ማኅተሜን መታሁበት፣ ላክነው።

ከዚያ በኋላ የማሽኖቹን ቀን በፈረንጅ አድርጌ የማመልከቻውን ቀን በእጄ መጻፍ ጀመርኩ። ወሬው እንደተባለውም ዞረ። ለጥቂት ወር «እትዬ፣ ዛሬ ስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» እያለ የሚገባ አልጠፋም። ሳቅሁላቸው። ያ አልከበደኝም።

የውጭ አገሩ ትምህርት ቤት መልስ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። ስለ ግልጽነታችን አመስግነዋል። ቦታው በዐሥራ አንደኛው ቀን ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፤ በሚቀጥለው ዓመት እንደማንኛውም አመልካች ማመልከት ትችላለች። አመለከተች። አልተመረጠችም።

ይታይሽ አልተጣላችኝም። የተማሪዎቿን ፈተና የማስጽፈው እትዬ ጥሩ ጋ ነው ትላለች፤ በየሴሚስተሩ ትመጣለች፣ ስለ ልጆቼ ትጠይቀኛለች፣ ሻይ አብረን እንጠጣለን። አንድ ቀን ጣሳው ቆሞ፣ መስመሩ ደኅና ሆኖ፣ ፈተናውን ተቀብላኝ ስትወጣ በመስኮት አየኋት። መንገዱን ተሻግራ ቡሬ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ገባች። ኢሜይሏን የምትከፍተው እዚያ ነበር። ቤቱን እስከዘጋሁበት ዓመት ድረስ እንደዚያው ነበር። ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም።

ለዚህ ሥራ አዲስ ለሆናችሁ የምለው ይኸን ነው። ነገሩ እንቢ ሲላችሁ መጀመሪያ የራሳችሁን ማሽን ፈትሹ፤ ያላወቃችሁትንም አላውቅም በሉ። ደንበኛችሁ ሌላ ቦታ ሄጄ ልሞክር ካለ ግን አትከልክሉት፤ ይሂድ።